የድሮ የዶስ ፕሮግራም አዲስ ኮምፒውተር ላይ፦ መንገዱን የሚመርጠው ፕሪንተሩ ነው

ጎንደር ላይ በዶስ (ከዊንዶውስ በፊት በነበረው፣ በጽሑፍ ትእዛዝ በሚሠራው የኮምፒውተር ሥርዓት) የሚሄድ፣ በክሊፐር ወይም በፎክስፕሮ በሚባሉ የዳታቤዝ መሣሪያዎች የተጻፈ የንብረት መመዝገቢያ፣ የደሞዝ ወይም የመድኃኒት ስቶክ ፕሮግራም ዛሬም የሚሠራባቸው ቢሮዎችና ሱቆች አሉ። ሰማያዊ ስክሪን፣ በቀስት የሚመረጥ ሜኑ፣ ማውዝ የማይፈልግ። አንድ ቀን አሮጌው ኮምፒውተር አልነሳም ይላል። አዲሱ ዊንዶውስ 11 ይዞ ይመጣል፤ ፕሮግራሙ በፍላሽ ተገልብጦ ሲከፈት «ይህ እዚህ ማሽን ላይ አይሠራም» የሚል መልእክት ይወጣል። ያኔ የሚሰማው ምክር «አርጅቷል፣ አዲስ ይሠራላችሁ» የሚል ነው። እኛ በዚህ አንስማማም። ሥራውን በትክክል የሚሠራ፣ ሠራተኛው በቃሉ የሚያውቀው ፕሮግራም ወለሉ ስለተነሳ ብቻ አይጣልም፤ ወለሉን መልሶ ማንጠፍ ይቻላል። እዚህ የምናስቀምጠው በእጃችን እየሠራን ያረጋገጥነውን ነው። ትእዛዞቹን ኮምፒውተሩ ላይ በላቲን ፊደል ነው የምትጽፏቸው፤ እዚህ ግን በአነባበባቸው አስቀምጠናቸዋል።

ከሁሉ በፊት ዳታውን አውጡ። የአሮጌው ኮምፒውተር ማዘርቦርድ ቢሞትም ሃርድ ዲስኩ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ባለ 40 ፒን ሰፊ ገመድ ያለው አይዲኢ ዲስክ ከሆነ፣ ከአይዲኢ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር አዳፕተር ከራሱ የኃይል መስጫ ጋር ያስፈልጋችኋል፤ ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ከዩኤስቢ በሚያገኘው ኃይል ብቻ አይዞርም። የፕሮግራሙን ፋይል ብቻ ሳይሆን ፎልደሩን በሙሉ፣ ከነንዑሳን ፎልደሮቹ ገልብጡ። በተለይ ዲቢኤፍ (የዳታው ሠንጠረዥ)፣ ዲቢቲና ኤፍፒቲ (ረጅም ጽሑፍ የሚይዙ ሜሞዎች)፣ ኤንቲኤክስና ሲዲኤክስ (ፍለጋ የሚያፋጥኑ ኢንዴክሶች)፣ ሜም የሚሉ ቅጥያዎች ያሏቸው ፋይሎች አንዱም መቅረት የለበትም። ሜሞ ፋይሉ የቀረ ዲቢኤፍ አይከፈትም። ሁለት ቅጂ ያዙ፤ አንዱን እስከ መጨረሻው አትንኩት።

ፍላሹ ላይ ፎልደሮቹ ጠፍተው በምትካቸው ሾርትከት ካገኛችሁ አትደንግጡ፣ ፎርማትም አታድርጉ። ሾርትከት ቫይረሱ ፎልደሮቹን ደብቋቸው ነው እንጂ አልሰረዛቸውም። መጀመሪያ በአንቲቫይረስ አጽዱ፤ ከዚያ በትእዛዝ መስኮቱ ፍላሹ ላይ ገብታችሁ አትሪብ የሚለውን ትእዛዝ ከሦስቱ ማንሻዎች ጋር ስጡ፦ ሰረዝ ኤች፣ ሰረዝ ኤስ፣ ሰረዝ አር፤ መጨረሻ ላይ ስላሽ ኤስ እና ስላሽ ዲ። ሁሉም ተመልሶ ይታያል።

ቀጥሎ ፕሮግራሙ በእርግጥ የዶስ መሆኑን እዩ። ጥቁር መስኮት ያለው ሁሉ ዶስ አይደለም። ለ32 ቢት ዊንዶውስ የተሠራ የትእዛዝ መስመር ፕሮግራም ዊንዶውስ 11 ላይም ያለ ምንም ድጋፍ ይከፈታል፤ እሱ እምቢ ካለ የጎደለው ሌላ ነገር ነው። ለመለየት የፋይሉን ቅጂ በኖትፓድ ክፈቱት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት ኤም እና ዜድ ናቸው። ትንሽ ወረድ ብሎ «ይህ ፕሮግራም በዶስ አይሄድም» የሚል የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ካለ ብዙውን ጊዜ የዊንዶውስ ነው። ከሌለ ንጹሕ የዶስ ፕሮግራም ነው ብላችሁ ቀጥሉ። ቅጥያው ኮም የሆነ ከ64 ኪሎባይት ያነሰ ፋይልም አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያው ነው።

ምክንያቱን ማወቅ መፍትሔውን ለመምረጥ ይረዳል። ዶስ ባለ 16 ቢት ነው። 32 ቢት ዊንዶውስ የዶስ ፕሮግራሞችን የሚያስኬደው ኤንቲቪዲኤም በሚባል ክፍል ሲሆን፣ እሱም የሚደገፈው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለ ቨርቹዋል 8086 በሚባል አሠራር ነው። ፕሮሰሰሩ ወደ 64 ቢት ሲገባ ግን ያ አሠራር ይዘጋል። ስለዚህ 64 ቢት ዊንዶውስ ኤንቲቪዲኤምን ጨርሶ አልያዘም፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ የሚወጣው በ64 ቢት ብቻ ነው። ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብቶ «ኮምፓቲቢሊቲ» ላይ ኤክስፒ ወይም 95 መምረጥ ለዚህ ምንም አያደርግም። ብዙ ሰው ግማሽ ቀን የሚያጠፋው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ፕሪንተሩ እንምጣ። ፕሮግራሙን ስክሪን ላይ ማስነሳት የአስር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ወር መጨረሻ ላይ የደሞዝ ሊስት ማውጣት ሲያቅት ነው ሁሉም መልሶ የሚፈርሰው። የዶስ ፕሮግራም ዊንዶውስ ላይ የተጫነውን የፕሪንተር ድራይቨር አያውቅም። ጥሬ ጽሑፉን በቀጥታ ኤልፒቲ 1 ወደሚባለው የፕሪንተር (ፓራሌል) ወደብ ይልካል፤ ከጽሑፉ ጋር «አሁን አጥብብ፣ አሁን አድምቅ» የሚሉ ኮዶችን ይልካል። እንደ ኤፕሰን ኤልኤክስ 300 ያለ ዶት ማትሪክስ (በመርፌ እየመታ የሚያትም ፕሪንተር) ይህን ቋንቋ ይሰማል። ርካሽ ሌዘር ፕሪንተሮች ግን፣ ለምሳሌ ኤችፒ ሌዘርጄት ፒ1102፣ ጥሬ ጽሑፍ አይገባቸውም፤ ገጹን ሥሎ የሚሰጣቸው የዊንዶውስ ድራይቨር ነው። እነሱ ላይ ወደቡን በቀጥታ ብታዞሩ ወረቀቱ ባዶ ይወጣል፣ ወይም መብራቱ ብልጭ ብልጭ እያለ ይቀራል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ፕሪንተሩ ምን ዓይነት ነው? ፕሮግራሙን በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ይከፍተዋል? ስክሪኑ ላይ አማርኛ ይታያል ወይ?

አንድ ሰው ብቻ የሚሠራበት፣ ስክሪኑ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ የሆነ፣ ፕሪንተሩም ተራ ሌዘር ከሆነ፣ ቪዶስ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም እንመርጣለን። የተሠራው ለቢሮ ፕሮግራሞች ነው። ወደ ኤልፒቲ 1 የተላከውን ጽሑፍ ተቀብሎ ዊንዶውስ ላይ በዲፎልት በተመረጠው ፕሪንተር ያትማል። ድምፅም፣ ጌምም፣ ከባድ ግራፊክስም አይጠበቅበትም።

ግራፊክስ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ አማርኛን በግራፊክስ የሚያሳዩትን ጨምሮ፣ ዶስቦክስ ነው፤ ይህም ዊንዶውስ ውስጥ የድሮ ኮምፒውተር መስሎ ዶስን የሚያስኬድ ፕሮግራም ነው። የተለመደው ዶስቦክስ 0.74 ለማተም ምንም መንገድ የለውም፤ የተዘጋጀው ለጌም ነው። ዶስቦክስ ኤክስ የሚባለው ዝርያ ግን ማተም ይችላል። ማስተካከያ ፋይሉ ውስጥ ፓራሌል በሚለው ክፍል ሥር የመጀመሪያውን ወደብ ወደ ፕሪንተር ወይም ወደ ፋይል ታዞሩታላችሁ። ዶት ማትሪክስ ላላቸው እኛ የምንወደው ወደ ፋይል ማዞሩን ነው። ፕሪንተሩን ዊንዶውስ ላይ ሼር አድርጉት፤ የሼር ስሙ አጭርና ክፍት ቦታ የሌለው ይሁን። ከዚያ ፋይሉን በኮፒ ትእዛዝ፣ ስላሽ ቢ ጨምራችሁ፣ ሁለት ወደ ኋላ ያዘነበሉ ስላሾች፣ የኮምፒውተሩ ስም፣ አንድ ስላሽ፣ የሼር ስሙ ብላችሁ ላኩት። ስላሽ ቢ ከቀረ መላኩ መሐል ላይ ሊቋረጥ ይችላል። ይህን መስመር ባች ፋይል አድርጋችሁ ዴስክቶፕ ላይ ካስቀመጣችሁት ሠራተኛው ሁለት ጊዜ ክሊክ ብቻ ነው የሚያደርገው።

ዶት ማትሪክሱ በዩኤስቢ የተሰካበት 32 ቢት ዊንዶውስ 10 ካለ ደግሞ ከሁሉ ቀላሉ እሱ ነው። ኤንቲቪዲኤም «ሌጋሲ ኮምፖነንትስ» በሚለው ሥር ይገኛል፤ የመጀመሪያውን የዶስ ፕሮግራም ስትከፍቱም ራሱ ልጫን ወይ ይላል። ከዚያ ኔት ዩዝ በሚለው ትእዛዝ ኤልፒቲ 1ን ሼር ከተደረገው ፕሪንተር ጋር ታያይዙታላችሁ፤ ፐርሲስተንት የሚለውን የስ ካላላችሁት ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ይረሳዋል። ሁለት ገደብ አለው። ሙሉ ስክሪንና ግራፊክስ አይሰጥም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ስላበቃ፣ ያንን ማሽን ከኢንተርኔት ነቅላችሁ ለዚህ ሥራ ብቻ ብታቆዩት ይሻላል።

የዶስ ፕሮግራሙ ፓራሌል ወደብ ላይ የሚሰካ የፈቃድ ቁልፍ ካለው ዶስቦክስ ላይ ብዙ ተስፋ አታድርጉ። ሁለትና ሦስት ሰው በኔትወርክ የሚከፍተው ከሆነም ተራውን ዶስቦክስ በጭራሽ አትሞክሩ። አንዱ የያዘውን ሪከርድ (የሠንጠረዡን አንድ መስመር) ለሌላው አይቆልፍም፤ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲመዘግብ ኢንዴክሱ ይበላሻል። ለእንዲህ ያለው ቨርቹዋልቦክስ (ኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም) ውስጥ የተጫነ 32 ቢት ዊንዶውስ የተሻለ ነው። ኤክስፒ ከሆነ 512 ሜጋባይት ራም ይበቃዋል። አስቀድማችሁ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ የፕሮሰሰሩ ቨርቹዋላይዜሽን መከፈቱን እዩ፤ የውስጡን ኤክስፒ ኢንተርኔት አታስነኩት።

የዶስቦክስ አዘገጃጀት ይህን ይመስላል። ሲ ድራይቭ ላይ ኦልድ የሚባል ፎልደር ክፈቱና ፕሮግራሙን እዚያ ውስጥ አድርጉ። ዶስ ከስምንት ፊደል የረዘመ ስም፣ ክፍት ቦታና የአማርኛ ፊደል አያውቅም። ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ አታስገቡት፣ ዊንዶውስ መጻፍ ይከለክለዋል። ዴስክቶፕ ላይም አይሁን፤ ወደ ኢንተርኔት የሚያመሳስል አገልግሎት ካለ ክፍት ፋይል ላይ ይረባረብበታል። ከዚያ «ዶስቦክስ ኦፕሽንስ» የሚለውን ክፈቱ፤ ማስተካከያው በኖትፓድ ይመጣል። መጨረሻ ላይ አውቶኤግዜክ ከሚለው ሥር በየመስመሩ የሚከተለው ይገባል፦ ማውንት ሲ ከፎልደሩ አድራሻ ጋር፤ ሲ ከነሁለት ነጥቡ፤ ሴት ክሊፐር እኩል ይሆናል ኤፍ ሁለት ነጥብ 50 (ለክሊፐር 5 ፕሮግራም፤ ብዙ ፋይል በአንድ ጊዜ እንዲከፍት)፤ ሲዲ ከንዑስ ፎልደሩ ስም ጋር፤ የፕሮግራሙ ስም፤ ኤግዚት።

እዚያው ማስተካከያ ውስጥ ሳይክልስ (የፍጥነት ልክ) የሚለውን ፊክስድ 20000 አድርጉት። ማክስ ብላችሁ አትተዉት። የዶስ ፕሮግራም ቁልፍ እስኪጫን ሲጠብቅ አያርፍም፤ «ተጫነ? ተጫነ?» እያለ ሳያቋርጥ ይጠይቃል፤ ማክስ ላይ ከሆነ ላፕቶፑ ይሞቃል፣ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ሪፖርት ሲያወጣ ከዘገየባችሁ በኮንትሮልና ኤፍ12 ጨምሩ፣ በኮንትሮልና ኤፍ11 ቀንሱ። ስክሪኑ ካነሰ አልትና ኢንተር። ሌላ ፋይል ከውጭ ጨምራችሁ አልታይ ካለ ኮንትሮልና ኤፍ4። ኮንትሮልና ኤፍ9ን ግን ለሠራተኛው አስጠንቅቁ፤ ዶስቦክስን ሳይጠይቅ ይገድለዋል፣ ያልተዘጋ ፋይል ሁሉ እንደተከፈተ ይቀራል። በኮንትሮልና ኤፍ1 በሚመጣው ሠሌዳ ቁልፉን ማንሳት ይቻላል፤ እኛ ሁልጊዜ እናነሳዋለን።

ከሚያጋጥሙት ስሕተቶች ሦስቱ ይደጋገማሉ። «ረንታይም ኤረር 200» የሚል ካያችሁ ፕሮግራሙ የተጻፈው በቱርቦ ፓስካል ነው። ሲነሳ በ55 ሚሊሰከንድ ውስጥ ስንት ዙር እንደሚዞር ይቆጥርና ያካፍላል፤ ማሽኑ ፈጣን ሲሆን ውጤቱ ከ65,535 ያልፍና መያዣው ይሞላበታል። ሳይክልሱን ወደ 5000 አውርዱት፣ ይነሳል። «ዲስክ ላይ ቦታ የለም» የሚል ደግሞ ባዶ ቦታው በጣም ሲበዛ ሊመጣ ይችላል፤ ከ2 ጊጋባይት በላይ የሆነውን ቁጥር ብዙዎቹ ፕሮግራሞች አሉታዊ አድርገው ያነቡታል። ማውንት በሚለው መስመር ጫፍ ላይ ሰረዝ ፍሪሳይዝ 500 ብላችሁ ጨምሩ፤ 500 ሜጋባይት ብቻ እንዳለ ይነገረዋል። ፊደል ስትጫኑ ሌላ ነገር እየመጣ ከሆነ ደግሞ የዊንዶውሱ ኪቦርድ አማርኛ ላይ ነው፤ ዶስቦክስ ከመከፈቱ በፊት ወደ እንግሊዝኛ መልሱት።

አማርኛ የሚያሳዩ የዶስ ፕሮግራሞች ለብቻ መታየት አለባቸው። የዶስ የጽሑፍ ስክሪን 256 ቦታ አለው፤ ግማሹን የእንግሊዝኛው ይዞታል። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ቤት ተባዝተው 231 ናቸው፤ በቀሩት 128 ቦታዎች አይገቡም። ስለዚህ እያንዳንዱ ፕሮግራመር የራሱን ዘዴ ፈጠረ፤ አንዱ ስክሪኑን ግራፊክስ አደረገው፣ ሌላው ፊደሉን ከቁርጥራጭ ገጣጠመው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የጋራ የፊደል ኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተጻፈ ዳታ የጋራ ኮድ የለውም። በኤክሴል ሲከፈት ዝብርቅርቅ የሚለው ለዚህ ነው። ያ ተበላሽቷል ብሎ የተጣለ ዳታ በጣም ያሳዝነናል፤ ደህና ነው እኮ። በፕሮግራሙ ስክሪን ላይ ከሀ እስከ ፖ አንድ ሪከርድ ላይ ጻፉ፤ ከዚያ ያንን ሪከርድ ከውጭ ከፍታችሁ የትኛው ፊደል በየትኛው ቁጥር እንደተቀመጠ ሠንጠረዥ አውጡ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም መተርጎም የማሽን ሥራ ነው።

ቀኖቹንም ተጠንቀቁ። የዲቢኤፍ ፋይል የቀን ፊልድ (ዓምድ) ጳጉሜን አይቀበልም፣ ስለዚህ የኢትዮጵያ ቀን የያዙ ፕሮግራሞች በጽሑፍ ፊልድ ነው የሚያስቀምጡት። ይህን ወደ ኤክሴል ስታስገቡ ዓምዱን «ቴክስት» ካላላችሁት፣ ማሽኑ የአሜሪካን አቀማመጥ ከያዘ ጳጉሜ 5 ማለትም 05/13 የፈረንጅ ሜይ 13 ይሆንባችኋል፤ ጥቅምት 30 ደግሞ 30/02 ስለሆነ ሳይነካ ይቀራል። ግማሹ ተቀይሮ ግማሹ ያልተቀየረ ዓምድ ዓይን አያስተውለውም። ዓመተ ምሕረቱን በሁለት አሃዝ ብቻ የሚይዝ ፕሮግራም ከሆነም፣ ከ2000 ዓ.ም. መስከረም 1 ወዲህ ያለው መዝገብ ሲደረደር ከ99 በፊት ስለሚመጣ የዕዳና የአገልግሎት ዘመን ስሌቱን በእጅ አመሳክሩ።

የመጨረሻውና እዚህ ከተማ በብዛት የሚያጋጥመው የመብራት ጉዳይ ነው። ዲቢኤፍ ፋይል መጀመሪያው ላይ ስንት ሪከርድ እንዳለው የሚናገር ቁጥር አለው፤ ብዙ ጊዜ ያ ቁጥር የሚታደሰው ፋይሉ ሲዘጋ ነው። ፕሮግራሙ ክፍት እያለ መብራት ሲሄድ ሪከርዶቹ ዲስኩ ላይ ይቀራሉ፣ ቁጥሩ ግን የድሮው ይሆናል። ሠራተኛው «የጠዋቱ ጠፋ» ብሎ እንደገና መመዝገብ ከጀመረ፣ በጠዋቱ ላይ እየጻፈ ነው። ለዚህ ነው መጀመሪያ ምዝገባው ይቁም የምንለው።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ፋይሉ 14 ፊልድ ካለው ራስጌው (ከሪከርዶቹ በፊት ያለው የፋይሉ መግለጫ) 32 ሲደመር 14 ጊዜ 32 ሲደመር 1፣ ማለትም 481 ባይት ነው። (ክሊፐር 1 ባይት ሊጨምር ይችላል፤ ትክክለኛው ከዜሮ ስትቆጥሩ 8ኛውና 9ኛው ባይት ላይ ተጽፏል።) የፊልዶቹ ስፋት ተደምሮ 119 ከሆነ፣ ለመሰረዣ ምልክቱ 1 ጨምሩ፤ አንዱ ሪከርድ 120 ባይት ነው። ፕሮፐርቲስ ላይ የሚታየው ትክክለኛ መጠን፣ «ኦን ዲስክ» የሚለው ሳይሆን፣ 984,482 ባይት ነው እንበል። ራስጌውን 481 እና የማብቂያውን 1 ባይት ስትቀንሱ 984,000 ይቀራል፤ ለ120 ሲካፈል 8,200 ሪከርድ። ፕሮግራሙ 8,163 ካላችሁ 37ቱ አልጠፉም፣ አልተቆጠሩም እንጂ። በሄክስ ኤዲተር (ፋይልን ባይት በባይት በሚያሳይ ፕሮግራም) ቅጂውን ክፈቱና ከ4ኛው እስከ 7ኛው ባይት 08 20 00 00 ብላችሁ ጻፉ፤ 8,200 በዚህ አጻጻፍ ከኋላ ወደ ፊት እንዲህ ነው የሚቀመጠው። ቀጥላችሁ ኢንዴክስ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ፎልደር አንሱና ከፕሮግራሙ ሜኑ ሪኢንዴክስ አድርጉ። ሜኑ ላይ ከሌለ፣ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ኢንዴክሱን ሲያጡ ራሳቸው ይሠሩታል።

ዴስክቶፕ ከሆነ ትንሽ ዩፒኤስ ግዙ፤ ፕሮግራሙን ለመዝጊያ ጥቂት ደቂቃ ከሰጠ በቂ ነው። ሌዘር ፕሪንተር ግን ዩፒኤሱ ላይ አትሰኩ፤ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ዩፒኤሱን ከነኮምፒውተሩ ይጥለዋል። ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ ከፕሮግራሙ ወደ ሜኑ መመለስ ሳይሆን ጨርሶ መውጣት ይልመድ። ጥገናው ካለቀ በኋላ የመጨረሻውን ሪከርድ ስክሪን ላይ አውጡና ከመጨረሻው የወረቀት ደረሰኝ ጋር አመሳክሩ፤ ቁጥሩ፣ ቀኑና የብሩ መጠን ሦስቱም ካልገጠሙ ምዝገባ አትክፈቱ።